ሲሞቅ የሚይዝ፣ ሲበርድ የሚለቅ ወለል

በአሪ ደጋ ላይ ከምትገኘው ከገዘር ተነስቶ ጂንካን አልፎ እስከ ኦሞራቴ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ሁለት ዓይነት አየር ያገኛል፤ ከላይ እንሰት የሚበቅልበት ቀዝቀዝ ያለ ኮረብታ፣ ከታች ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር በታች የተዘረጋውና የቀትር ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚወጣው የኦሞ ቆላ። ይህ መንገደኛ ከውስጥ በኩል ወለሉ ፒኒፓም በተባለ ፖሊመር እጅግ ስስ ሆኖ የተሸፈነ፣ ውኃም የተሞላ የላቦራቶሪ ሳህን ይዞ ቢወርድ፣ በገዘርና በጂንካ ሳለ ውኃ ጠጥቶ አብጦ የነበረው ሽፋን፣ የውኃው ሙቀት 32 ዲግሪን ሲያልፍ የጠጣውን ውኃ አውጥቶ ይኮማተራል፤ መንገደኛው ወደ ደጋው ሲመለስም እንደገና ጠጥቶ ያብጣል። ለዓይን የማይታይ ይህ የጠባይ ለውጥ ሕያዋን ሕዋሳትን ይዞ ለማሳደግና በኋላም ሳይቆርጡና ሳይፍቁ ለመልቀቅ የሚያገለግል መሆኑ ከታወቀ ከ30 ዓመታት በላይ አልፎታል።

የዘዴው ብልሃት እንዲገባ አስቀድሞ ሕዋስ ለምንና እንዴት እንደሚጣበቅ ማወቅ ያስፈልጋል። ከደም ሕዋሳትና ከጥቂት ሌሎች በቀር፣ የቆዳ፣ የጉበት፣ የደም ሥር ግድግዳና የመሳሰሉት የሰውነት ክፍሎች ሕዋሳት የሚይዙት ነገር ካጡ አይራቡም፤ ብዙዎቹም ተንሳፈው ከቆዩ ራሳቸውን በራሳቸው ወደ ማጥፋት ያመራሉ። ስለዚህ በላቦራቶሪ ውስጥ ሲያድጉ የሚያርፉበት ወለል የግድ ነው። ይሁን እንጂ የሕዋስ መጣበቅ ሙጫ እንጨትን እንደሚይዘው ያለ ድንገተኛና ግዑዝ ነገር ሳይሆን በየደረጃው የሚፈጸም ሥራ ነው። ሕዋሳቱ በሚጠጡት የምግብ ፈሳሽ ውስጥ፣ በተለይም ብዙ ጊዜ ከጥጃ ደም ተለይቶ በሚጨመረው ሴረም ውስጥ፣ ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን የተባሉ ፕሮቲኖች ይገኛሉ፤ እነዚህ ከሕዋሱ ቀድመው ወለሉ ላይ ይነጠፋሉ። ሕዋሱ ዘግይቶ ሲደርስ የሚያገኘው ባዶውን ፕላስቲክ ሳይሆን ይህን ንጣፍ ነው። በሕዋሱ ቆዳ ላይ ኢንተግሪን የሚባሉ እንደ እጅ የሚያገለግሉ ፕሮቲኖች ተተክለዋል፤ እጆቹ ንጣፉን እየዳሰሱ የሚያውቁትን ምልክት ይፈልጋሉ። ማይክል ፒርሽባከርና ኤርኪ ሩኦስላህቲ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ ይህ ምልክት ከግዙፉ የፋይብሮኔክቲን ሞለኪውል ውስጥ አርጂኒን፣ ግላይሲንና አስፓርቲክ አሲድ የተባሉ የሦስት አሚኖ አሲዶች ተርታ ብቻ ነው።

ምልክቱ ከተገኘ በኋላ ብዙ ኢንተግሪኖች በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ ከውስጥ በኩልም አክቲን ከሚባሉ የሕዋሱ ክሮች ጋር ይያያዛሉ፤ እነዚህ ክሮች ደግሞ ጡንቻን የሚያኮማትረው ዓይነት ጉልበት ስላላቸው ሕዋሱ ወለሉን እየሳበ ይዘረጋል። በፈሳሹ ውስጥ ክብ የነበረው ሕዋስ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ሁኔታው ሜዳ ላይ ከተተከለ ድንኳን ጋር ይመሳሰላል፤ ድንኳኑ ተወጥሮ የሚቆመው ገመዱ በአንድ በኩል ስለሚስበውና ካስማው በሌላ በኩል ስለሚይዘው ነው። የተጣበቀ ሕዋስም ዘወትር በውጥረት ላይ ያለ ሕዋስ ነው። ይህ ነጥብ በኋላ ስለ መላቀቅ ሲነገር ዋናው ቁልፍ ሆኖ ስለሚመለስ አንባቢ በልቡ ቢይዘው ይጠቅማል።

ሕዋሳቱ ካደጉ በኋላ እንዴት ይነሱ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አንድ መልስ ብቻ ነበረው ማለት ይቻላል። ፔይተን ራውስና የሥራ ባልደረባው ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1916 ትሪፕሲንን፣ ማለትም ቆሽት የምግብ ፕሮቲንን ለመፍጨት የሚያመነጨውን ኢንዛይም፣ ሕዋሳትን ለመለያየት ተጠቀሙበት፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ትሪፕሲን የየላቦራቶሪው የዕለት ተዕለት መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። ኢንዛይሙ ግን መርጦ አይቆርጥም። ሕዋሱን ከወለሉ ጋር ያያዘውን ፕሮቲን ሲቆርጥ በሕዋሱ ቆዳ ላይ ያሉትን ሌሎች ፕሮቲኖችም፣ አንዱን ሕዋስ ከጎረቤቱ ጋር ያስተሳሰሩትንም አብሮ ይቆርጣል። የድንኳኑን ካስማ ለመንቀል ገመዱንም ሸራውንም በመቀስ መቁረጥ እንደማለት ነው። ሕዋሳቱ ተነጣጥለው ይነሳሉ፣ አብዛኞቹም ይድናሉ፤ ነገር ግን እርስ በርስ ተያይዘው የሠሩት ጨርቅ መሰል አንድነት ይፈርሳል። ጄምስ ራይንዋልድና ሃዋርድ ግሪን እ.ኤ.አ. በ1975 የሰው ቆዳ ሕዋሳትን በሳህን የማሳደግን መንገድ ከከፈቱ በኋላ በእሳት ለተቃጠሉ ሰዎች የሚሆን የቆዳ ጨርቅ ማንሳት ቢቻልም፣ ለዚህ የተመረጠው ዲስፔዝ የተባለ ለስለስ ያለ ኢንዛይም እንኳ ከጨርቁ ሥር ያለውን ፕሮቲን ከመጉዳት አልዳነም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ፖሊመሩ ይመለሳል። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች በክር እንደተሰካ ዶቃ ተከታትለው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ የፕላስቲክ ከረጢትም፣ የአሪ ገበሬ ከእንሰት ፍቆ የሚያወጣው ቃጫም በመሠረቱ ከእንዲህ ያለ ሰንሰለት የተሠሩ ናቸው። ሙሉ ስሙ ፖሊ-ኤን-አይሶፕሮፒልአክሪላማይድ የሆነው ፒኒፓም ከሌሎቹ የሚለየው እያንዳንዱ ዶቃ ሁለት ተቃራኒ ጠባይ ስላለው ነው፤ አንደኛው ወገኑ ውኃ ወዳድ፣ ሁለተኛው ውኃ ጠል ነው። ቅዝቃዜ ባለበት ጊዜ የውኃ ሞለኪውሎች ውኃ ወዳዱን ወገን ይይዛሉ፣ ውኃ ጠሉንም በሥርዓት ተሰልፈው ይከብቡታል፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ በውኃ ውስጥ ተዘርግቶ ይሟሟል። ሙቀቱ ሲጨምር ግን የውኃ ሞለኪውሎቹ ስለሚናወጡ በሰልፍ መቆም አይችሉም፤ ሰልፉን ጥለው ሲሄዱ ብቻቸውን የቀሩት ውኃ ጠል ክፍሎች እርስ በርስ ይጠጋጋሉ፣ ሰንሰለቱም ተጠቅልሎ ይኮማተራል። ቅቤ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ይረጋል፤ ፒኒፓም በውኃ ውስጥ የሚያሳየው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የሟሟ ፒኒፓም እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ያለ ሲሆን፣ ብርጭቆው ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ሲነከር ወዲያው እንደ ወተት ይነጣል፣ ሲበርድም ተመልሶ ይጠራል። ይህ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ያለ ልዩ መሣሪያ ሊያሳየው የሚችል ትርዒት ነው።

ሄስኪንስና ጊሌ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ለውጥና የሚከሰትበትን የ32 ዲግሪ አካባቢ ወሰን እ.ኤ.አ. በ1968 በዝርዝር አስታወቁ። ቁጥሩ ለሕይወት ሳይንስ ትልቅ ዕድል ነበር። የሰው ሕዋስ የሚያድገው በ37 ዲግሪ ነው፤ የተለመደው የክፍል ሙቀት ደግሞ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል፤ 32 በሁለቱ መካከል ያለ በመሆኑ ሕዋሱን በማይገድል የሙቀት ክልል ውስጥ ወለሉን ማገላበጥ ይቻላል ማለት ነው። ይህን ዕድል ወደ ሥራ የለወጡት በቶኪዮ የሴቶች ሕክምና ኮሌጅ ቴሩኦ ኦካኖና ባልደረቦቹ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ ፒኒፓምን በተለመደው የፕላስቲክ ሳህን ላይ በኤሌክትሮን ጨረር አማካይነት አጥብቀው በመትከል፣ ሕዋሳት በ37 ዲግሪ እንደሚጣበቁበትና ሙቀቱ ሲቀነስ ያለ ትሪፕሲን እንደሚለቁት አሳዩ።

የሽፋኑ ውፍረት ጉዳይ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሥራው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። በፕላስቲክ ሳህን ላይ የሚሠራው ሽፋን ከ15 እስከ 20 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሲሆን፣ ናኖሜትር ማለት አንድ ሜትር ለቢሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ርዝመት ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚህ ሽፋን በሺዎች እጥፍ ይወፍራል። ሽፋኑ ወፍሮ ከ30 ናኖሜትር ሲበልጥ በ37 ዲግሪም ቢሆን ሕዋሳት አይጣበቁበትም። አንድ ሰው ፖሊመሩ ሲበዛ ውጤቱ ይጠነክራል ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም፤ እውነታው ግን ሌላ ነው። ከፕላስቲኩ ጋር የተያያዘው የሰንሰለቱ ሥር እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ስለማይችል ውኃውን ይበልጥ ያጣል፤ ሽፋኑ ስስ ከሆነ ይህ የሥሩ ጠባይ እስከ ላይኛው ገጽ ይደርስና ገጹ ፕሮቲኖች ሊነጠፉበት የሚችል ደረቅ ቢጤ ይሆናል። ወፍራም ሲሆን ግን ከሥሩ የራቀው ላይኛው ክፍል በሞቃትም ሰዓት የተወሰነ ውኃ ይዞ ስለሚቀር ፕሮቲኑ አይረጋበትም፣ ፕሮቲን ያልረጋበትን ወለል ደግሞ ሕዋሱ አያውቀውም።

አሁን ሳህኑ ከ37 ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ምን እንደሚሆን መከታተል ይቻላል። ፖሊመሩ ውኃ መጠጣት ይጀምራል፣ ያብጣል፣ በወለሉና በፕሮቲኑ ንጣፍ መካከል ውኃ ይገባል፤ መያዣው ይላላል። እስከዚህ ድረስ ያለው የፊዚክስ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያበቃል፣ ሕዋሱም ከተሟለጨ ድንጋይ ላይ እንደሚወድቅ ቅጠል ዝም ብሎ ይነሳል ብሎ ያስባል። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር መላቀቁ መፍጠን ነበረበት፤ ፖሊመሩ በ4 ዲግሪም ከበቂ በላይ ውኃ ይጠጣልና። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ግን ሳህኑን እጅግ ማቀዝቀዝ መላቀቁን እንደማያፋጥነው፣ እንዲያውም እንደሚያዘገየው ነው። ከዚህም አልፎ ሕዋሱ ኃይል የሚያገኝበትን የውስጥ ሂደት የሚያግድ ኬሚካል ሲጨመር፣ ወለሉ በሚገባ ቢበርድም ሕዋሳቱ ተዘርግተው ይቀራሉ። መደምደሚያው ግልጽ ነው፤ መላቀቅ ሁለት እርከን አለው። በመጀመሪያው ፖሊመሩ ወለሉን ይለውጠዋል፤ በሁለተኛው ሕዋሱ ራሱ የራሱን ጉልበት አውጥቶ፣ ተወጥረው የነበሩትን የአክቲን ክሮች ሰብስቦ፣ ወደ ቀድሞ ክብ ቅርጹ ይመለሳል። በድንኳኑ ምሳሌ ሲነገር፣ ቅዝቃዜው አፈሩን አርጥቦ ካስማውን ያላላዋል፤ ካስማውን ነቅሎ የሚያወጣው ግን የድንኳኑ የራሱ ገመድ ነው። እጅግ የበረደው ሕዋስ ኃይሉ ስለሚደክም በሩ ተከፍቶለት እንኳ መውጣት ያቅተዋል። ከዚህ ዘርፍ ውጤቶች ሁሉ ከፍ ያለ ክብር የሚገባው ይህ ግኝት ነው፤ ሕዋስ ሕያው ነገር መሆኑን አንድ ሙከራ እንዲህ በአጭሩ ያስረዳበት አጋጣሚ ብዙ አይደለምና።

ሕዋሳቱ ሳህኑን ሞልተው እርስ በርስ በተያያዙ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። ጎረቤት ሕዋሳት ካድሄሪን በሚባል ፕሮቲን ተያይዘው፣ ከሥራቸውም የራሳቸውን ፋይብሮኔክቲንና ሌሎች ፕሮቲኖች እያመረቱ ስስ ጨርቅ ይሠራሉ። ትሪፕሲን ይህን ሁሉ ይበጣጥሰዋል፤ ቅዝቃዜ ግን አንዱንም አይቆርጥም። ስለዚህ ሳህኑ ሲበርድ ሙሉው ጨርቅ፣ የበሰለ እንጀራ ከምጣዱ ጠርዝ ጀምሮ እንደሚነሳ፣ ከዳር ወደ መሐል እየተላቀቀ በአንድነት ይወጣል። ከጨርቁ ሥር ያለው የፕሮቲን ንጣፍም አብሮት ይሄዳል፤ ፖሊመሩ ብቻ በሳህኑ ላይ ይቀራል። በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ለሚያውቅ አንባቢ ምስሉ ቅርብ ነው፤ ዳቦው ሲወጣ ኮባው ከሥሩ እንደተለጠፈ ይወጣል፣ ምጣዱም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ፣ ኮባው ከዳቦው ላይ ተልጦ የሚጣል ሲሆን፣ የሕዋሳቱ ንጣፍ ግን የጨርቁ ዋና ሀብት መሆኑ ነው፤ ጨርቁ በሌላ ሕብረ ሕዋስ ላይ ሲቀመጥ ያለ ስፌት የሚያጣብቀው እርሱ ነውና። ጨርቁ ከወለሉ ሲለቀቅ ውጥረቱ ስለሚፈታ ይኮማተራል፤ ቅርጹን እንዲይዝ ከላይ በስስ ደጋፊ ወረቀት መሰል ነገር ተይዞ ይነሳል።

ወለሉን በአንድ ዓይነት ፖሊመር ብቻ መሸፈንም ግዴታ አይደለም። ውኃ ጠል የሆነ ተጨማሪ ዶቃ በሰንሰለቱ ውስጥ ሲገባ የለውጡ ወሰን ከ32 ዲግሪ ዝቅ ይላል፣ ውኃ ወዳድ ዶቃ ሲገባ ደግሞ ከፍ ይላል። ኦካኖና ባልደረቦቹ ይህን ተጠቅመው በአንድ ሳህን ላይ ሁለት ወሰን ያላቸውን ቦታዎች በመሥራት፣ በ27 ዲግሪ የጉበት ሕዋሳትን በአንደኛው ቦታ ብቻ አስቀመጡ፣ ቀጥለው ወደ 37 ዲግሪ አሙቀው የደም ሥር ሕዋሳትን በቀረው ቦታ ተከሉ፤ በመጨረሻም ወደ 20 ዲግሪ ሲያወርዱት ሁለቱ ዓይነት ሕዋሳት የተደራጁበት አንድ ጨርቅ ተነሳ።

በሕክምና በኩል ጎልቶ የሚጠቀሰው የዓይን ሥራ ነው። በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ኮጂ ኒሺዳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን እንዳስታወቁት፣ የሁለቱም ዓይኖቻቸው ገጽ ከተጎዳ አራት ሕሙማን ከየራሳቸው አፍ ውስጥ 3 ሚሊሜትር በ3 ሚሊሜትር የምታህል ሥጋ ተወስዳ፣ ሕዋሳቷ በፒኒፓም ሳህን ላይ ለሁለት ሳምንት አድገው፣ ሳህኑ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ጨርቁ ተነስቶ በተጠረገው ኮርኒያ ላይ ተቀመጠ። ኮርኒያ ማለት በአገራችን በተለምዶ የዓይን ብሌን ተብሎ የሚለገሰው፣ ብርሃን የሚገባበት የዓይን የፊት መስታወት ነው። ስፌት አላስፈለገም፤ ጨርቁ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተጣበቀ። በአማካይ ለ14 ወራት በተደረገው ክትትል የአራቱም ሕሙማን ኮርኒያ ጥራቱን መልሶ የማየት ችሎታቸው ተሻሻለ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ውስጥ 11.5 በመቶው ትራኮማ ባስከተለው የኮርኒያ ጠባሳ የታወረ መሆኑን አሳይቷል። ደቡብ ኦሞን ጨምሮ በሰፊው የአገሪቱ ክፍል የሚገኘው ይህ በሽታ፣ በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን የዓይን ቆብን ከውስጥ አቁስሎ ሲያኮማትረው ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ በእያንዳንዱ ርግብታ ኮርኒያውን ይፍቃል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከለጋሾች የሚያገኘውን ኮርኒያ ለንቅለ ተከላ ሲያቀርብ ቆይቷል። ሆኖም የሕዋስ ጨርቅ ለትራኮማ መፍትሔ ነው ብሎ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። ጨርቁ የሚተካው የኮርኒያውን ላይኛ ገጽ ብቻ ነው፤ የትራኮማ ጠባሳ ብዙ ጊዜ ወደ ጥልቀት የሚወርድ ሲሆን፣ ቆቡ ካልተስተካከለና ዓይኑ በቂ እንባ ካላገኘ አዲሱም ገጽ ይፋቃል። በጂንካ ዙሪያ ያለችን ልጅ ዓይን የሚያድነው ዛሬም ፊት የሚታጠቡበት ውኃ፣ በዓመት የሚታደለው አዚትሮማይሲንና የተቀለበሰውን ቆብ የሚያቃና ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፤ የጨርቁ ቦታ ከዚህ በኋላ ነው፤ ገጹ በቃጠሎ ወይም በኬሚካል ለተጎዳ ዓይን ይበልጥ ተስፋ ይሰጣል።

በልብ ላይ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ትዕግሥት ያስተምራል። ከሕመምተኛው ጭን ጡንቻ በተወሰዱ ሕዋሳት የተሠራ ጨርቅ ለደከመ ልብ እንዲለጠፍ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2015 በቅድመ ሁኔታ ተፈቅዶ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ መረጃው ሲመረመር ጥቅሙ ስላልተረጋገጠ ሙሉ ፈቃድ አላገኘም። ወለሉ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ጨርቁም ሳይበጠስ ተነስቷል፤ የታመመ ልብን ማዳን ግን ጨርቅ ከማንሳት የተለየ ጥያቄ መሆኑ ታየ።

እንዲህ ያለ ሥራ በአሪና በደቡብ ኦሞ ቢታሰብ ዋናው ፈተና የሚገኘው በማቀዝቀዙ ላይ አይደለም፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በጂንካ፣ ይልቁንም በገዘር፣ የክፍሉ አየር ራሱ ሕዋሳቱን ሊያላቅቅ ይበቃል። ችግሩ ሳይቋረጥ 37 ዲግሪን መጠበቅ ነው፤ ለሁለት ሳምንት የሚቆይ እድገት በመካከሉ መብራት ጠፍቶ የማሞቂያው ሣጥን ከ32 ዲግሪ በታች ቢወርድ፣ ገና ያልተያያዙት ሕዋሳት ከጊዜያቸው በፊት ይነሳሉ። በጉዞም እንዲሁ ነው። የአካባቢው የጤና ባለሙያዎች ክትባትን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚጠብቅ ሣጥን፣ በበረዶ ከብበው፣ በሞቃት ቆላ አቋርጦ ማድረስን በሚገባ ያውቁታል። የሕዋስ ጨርቅ ግን የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በጃፓን ከከተማ ወደ ከተማ የተጓዘው ሙቀቱን በሚጠብቅ ሣጥን ነበር፤ ከኦሞ ቆላ ወደ ገዘር ሽቅብ የሚወጣ መኪናም ሣጥኑን ከደጋው ብርድ እየጠበቀ፣ ሐኪሙ ክዳኑን እስኪከፍት ድረስ ሳህኑን ከ32 ዲግሪ በላይ አድርጎ ማድረስ ይኖርበታል።